የመኪና ኤሮዳይናሚክስ

የመኪና ኤሮዳይናሚክስ በጉዞ ላይ ያለ መኪናና በዙሪያው የሚፈሰው አየር አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳድሩትን ኃይል የሚያጠና የምህንድስና ዘርፍ ነው። የመኪናው ቅርጽ የነዳጅ ወይም የባትሪ ፍጆታን፣ ከፍተኛውን ፍጥነት፣ የመሪውን መረጋጋትና ወደ ውስጥ የሚገባውን ድምፅ ይወስናል።

የአየር ጉተታ

አየር መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይል የአየር ጉተታ ይባላል። መጠኑ የሚወሰነው በአየሩ እፍግታ፣ በመኪናው የፊት ስፋት፣ በቅርጹና ከሁሉም በላይ በፍጥነቱ ነው። ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ ስለሚቆጠር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይነዳ የነበረ ሰው ወደ 120 ሲያሳድግ ጉተታው 2.25 እጥፍ ይሆናል፤ ጉተታውን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የሞተር ጉልበት ደግሞ ከ3 እጥፍ ይበልጣል።

የቅርጽ ጥራት በጉተታ ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አየሩ መኪናውን ሳይታወክ ያልፋል። ዓይን ግን ጥሩ ዳኛ አይደለም። ክብ ቅርጽ ያለው አሮጌው ቮልስ ቁጥሩ 0.48 ገደማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው አውዲ 100 ግን 0.30 ደርሷል። ጉተታው በብዛት የሚፈጠረው ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ አየሩ ከመኪናው አካል ተላቆ በሚሽከረከርበት ዝቅተኛ ግፊት ያለው ቦታ ነው። ፊቱም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ የቮልስዋገን ሚኒባስ ሲነደፍ በነፋስ ዋሻ ተፈትኖ የፊቱ ጠርዝ በመለስለሱ ብቻ ቁጥሩ ከ0.75 ወደ 0.44 ወርዷል።

በኢትዮጵያ መንገዶች

በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ያስነዳል። ርዝመቱን 85 ኪሎ ሜትር ብንወስድ፣ ከ80 ይልቅ በ120 መንዳት 21 ደቂቃ ያህል ያተርፋል፤ ዋጋው ከላይ የተጠቀሰው ነው። ፖርቶመጋላው ላይ ዕቃ የቆለለ አባዱላ ሚኒባስ የፊት ስፋቱም የጉተታ ቁጥሩም ስለሚጨምር የበለጠ ይከፍላል።

ከሻሸመኔ በስተሰሜን በምትገኘው ኩየራ ነገሩ ሌላ ነው። ዋናው መንገድ ከተማዋን አቋርጦ ስለሚያልፍ በባጃጅ፣ በጋሪና በእግረኛ መካከል በ40 የሚነዳ መኪና የሚገጥመው ጉተታ በ120 ከሚገጥመው አንድ ዘጠነኛው ብቻ ነው። እዚህ ነዳጅ የሚበላው ክብደትና ደጋግሞ ፍሬን መያዝ እንጂ ቅርጽ አይደለም፤ ለጌጥ የተገጠመ ስፖይለርም የሚፈይደው ነገር የለም።

የስምጥ ሸለቆ ነፋስም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። አዳማ አጠገብ በ51 እና በ153 ሜጋ ዋት አቅም ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። መኪና በ100 እየሄደ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢገጥመው፣ ለአየሩ በ136 እንደሚሄድ ነው፤ ጉተታው 1.85 እጥፍ ይደርሳል። ከጎን ሲመጣ ደግሞ ጣሪያቸው ከፍ ያለ ሚኒባሶችንና ባዶ የጭነት መኪናዎችን ከመስመራቸው ይገፋል፤ ስለዚህ ነፋስ ባለበት ፍጥነት መቀነስና መሪን በሁለት እጅ መያዝ ያስፈልጋል። ከከባድ መኪና ኋላ ተጠግቶ መንዳት ጉተታን ቢቀንስም ፍሬን ለመያዝ ጊዜ ስለማይሰጥ ለሞት ያጋልጣል።

ከፍታ በአንጻሩ ያግዛል። በአዳማ የአየር እፍግታ ከባሕር ጠለል በ15 ከመቶ ገደማ፣ በአዲስ አበባ በ20 ከመቶ ገደማ ስለሚያንስ ጉተታውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ግን በቀጭኑ አየር ጉልበት ያጣል።

የኤሌክትሪክ መኪና

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጉዳዩ ለተራው አሽከርካሪ ቀርቧል። የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው በአየር የሚባክነው ጎልቶ አይታይም። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ከባትሪው የሚወጣው ኃይል በአብዛኛው ጎማ ላይ ስለሚደርስ፣ ፍጥነት ሲጨመር የቀረው ርቀት ሰሌዳው ላይ ወዲያው ሲያሽቆለቁል ይታያል። ከአዲስ አበባ ኩየራ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመንገዱ ላይ የኃይል መሙያ እስካልተበራከተ ድረስ በ90 የሚነዳው ሳይሞላ ሊደርስ በሚችልበት ባትሪ፣ በ120 የሚነዳው መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።