ዝርዝሩን ማን ጻፈው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምት የሚሄድ ሁሉ ታጠቅን ያልፋል። መንገደኛው ያን ጊዜ ገና መቀመጫውን እያመቻቸ ስለሆነ ልብ አይለውም። እኔም ስንት ጊዜ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። አርጆ ስደርስ ግን አያቴ ሁልጊዜ «ታጠቅን አየኸው ወይ?» ትለኛለች። ለእሷ ወታደር የሚሠራበት አገር ሁሉ ስሙ ታጠቅ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ ግን መንገዱ ሳይሆን በቅርቡ በመኝታ ክፍላችን የተነሣው ክርክር ነው። አንድ ጓደኛችን፣ «ዕድሜው 18 የሞላ ወጣት ሁሉ፣ የሀብታም ልጅ የደሃ ልጅ ሳይባል፣ ሁለት ዓመት በውትድርና ቢያገለግል ምን አለበት? አገሩን ያውቃል፤ ከሌላው ብሔረሰብ ልጅ ጋር በአንድ ትሪ ይበላል፤ ሥነ ሥርዓትም ይማራል» አለ። ግማሹ ክፍል አጨበጨበለት። አሳቡ ክፉ አይደለም። እኔ ያን ሌሊት የሰጠሁት መልስ የተንተባተበ ስለነበረ እስቲ በጽሑፍ ላቃናው።

አሳቡ አዲስም አይደለም፤ በ1975 ዓ.ም. ሕግ ሆኖ ነበርና። ደርግ በዚያ ዓመት ያወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ያለው ጤነኛ ኢትዮጵያዊ ሁሉ 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት እንዲያገለግል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ በተጠባባቂነት እንዲቆይ ያዛል። ወረቀቱን ብቻ ላነበበ ሰው እንከን አይወጣለትም። ዘር አይለይም፤ ሃይማኖት አይለይም፤ ጌታና ሎሌ አይልም። በቀድሞው ዘመን ክተት ሲታወጅ ጌታው ጠመንጃውን አንግቶ፣ ገባሩ ስንቅ ተሸክሞ ይወጣ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው አዋጁ ዕድገት ነው ቢባልም ውሸት አይሆንም።

ዳሩ ግን ሕግ በራሱ እግር አርጆ ድረስ አይሄድም፤ የሚወስደው ሰው ይፈልጋል። በከተማ ቀበሌው፣ በገጠር ገበሬ ማኅበሩ ወሰደው። ከላይ የሚወርደው የሰው ስም ሳይሆን ኮታ ነው፤ ይኸን ያህል ሰው ከዚህ ማኅበር ይምጣ፣ አለቀ። ስሙን የሚጽፈው ሊቀመንበሩ ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም በኅዳር 1976 ተጻፈ። የኑግ ማጨጃ ጊዜ ነበር። አያቴ (እኛ «አኮ» ነው የምንላት) እንደምትናገረው፣ ማኅበሩ ወጣቱን ለስብሰባ ጠራ፤ ስለ ማዳበሪያ ዕዳ ነው ተባለ፤ ከሄዱት ውስጥ ሰባቱ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ከሰባቱ አንድም የኮሚቴ ልጅ አልነበረበትም። አኮ ሊቀመንበሩ ደጅ ሄዳ «ለምን የእኔ?» ብትለው፣ «አዴ፣ ሰባት ካላመጣህ ስምንተኛው አንተ ነህ ብለውኛል» አላት። ሰውየው አውሬ አልነበረም። እንዲያውም በ1981 ኮታው ሲያድግ የእሱም ሁለተኛ ልጅ ተወስዷል፤ አኮም ሄዳ አብራ አልቅሳለች። ይኸን የምጽፈው ሰውየውን ለመክሰስ ሳይሆን፣ እጁ ላይ የነበረው ዓይነት ሥልጣን በማንም እጅ ቢገባ ያው መሆኑን ለማሳየት ነው። ላም ያለው በላሙ፣ ዘመድ ያለው በዘመዱ ስሙን ያስፍቃል። ኮታው ግን አይጎድልም፤ የተፋቀው ስም ቦታ ላይ ሌላ ስም ይገባል። የሚገባውም የመበለት ልጅ፣ ወይም ከሌላ ቀዬ መጥቶ የተቀጠረ እረኛ ነው።

ኋላ ኋላ ዝርዝሩም ቀረና አፈሳ መጣ። ቃሉን ልብ በሉት፤ ማፈስ ድሮ ለእህል ነበር፣ ከአውድማ የተበተነውን በእፍኝ መሰብሰብ። ከዚያ ዘመን ወዲህ ሰውም ታፈሰ መባል ጀመረ። ጎረምሳ ገበያ መውጣት ተወ። ሌሊት በቆሎ ውስጥ የሚያድር አደረ፤ ሱዳን የተሻገረም አለ፤ ከዚህ ወታደር ከመሆን ከዚያኛው ልሁን ብሎ ወደ አማፂው ጫካ የገባም አለ። ሠራዊቱ በ1966 ወደ 45 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ1983 ሊፈርስ ሲል ከ400 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ቁጥሩ በአሥር እጥፍ ገደማ ሲያድግ ውጤቱ ምን ሆነ? መጋቢት 1980 አፍአበት፣ የካቲት 1981 ሽሬ፣ የካቲት 1982 ምፅዋ። በግድ የመጣ ሰው በቁጥር እንጂ በልብ አይቆጠርም።

አጎቴ በአዋጁ መሠረት 30 ወሩን ጨርሶ በግንቦት 1978 ገደማ መመለስ ነበረበት። ከአሥመራ የመጣች አንዲት ደብዳቤ አለች፤ በ1979 የተጻፈች። «ጊዜያችን አልቋል፤ ግን የሚለቀን የለም» ትላለች። ከአፍአበት በኋላ ሌላ ደብዳቤ የለም። መርዶም የለም።

እስቲ አሁን ወደ እኛ ወደ ተማሪዎች እንምጣ፤ ይኸ ጉዳይ የገበሬና የሊቀመንበር ብቻ አይደለምና።

ለመሆኑ ይኸ ገበሬ ማኅበር ከየት መጣ? የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ቢያንስ በ20 ጋሻ መሬት ላይ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ይቋቋም አለ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967፣ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተከፍቶ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከው ነበር። ማኅበሮቹን ካቋቋሙት፣ መዝገብ አያያዝ ካስተማሩት፣ የአባሉን ስም በየተራ ከጻፉት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። ዘመቻው ራሱ የግዴታ ነበር፤ ያልዘመተ ትምህርትም ሥራም አያገኝም ተብሏል። ከዚያም በፊት ከ1957 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ይገደድ ነበር። የግዴታ አገልግሎት ለተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ዘማቹ መሬት ለአራሹ ብሎ፣ ያመነበትን ነው የሠራው። ገበሬውም መሬቱን አግኝቷል፤ ይኸ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ያ የአባላት መዝገብ፣ መሬት የተደለደለበት መዝገብ፣ ከስምንት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ልጅ የሚለቀምበት መዝገብ ሆነ። መንግሥት አዲስ ቢሮ መክፈት አላስፈለገውም፤ የእያንዳንዱ ጎጆ ልጆች ብዛት ተጽፎ ቆይቶታል።

የአርጆ ሰው ይኸን ሲያነሣ አንድ ስም ሳይጠራ አያልፍም፤ ኃይሌ ፊዳ። አርጆ ተወልዶ፣ አዲስ አበባና ፈረንሳይ ተምሮ፣ በ1960 መኢሶንን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ድርጅቱ ሰፊው ሕዝብ ይንቃ፣ ይደራጅ፣ ይታጠቅ ይል ነበር። ሦስተኛዋን ቃል ልብ በሉ። መኢሶን ሕዝቡ ይታጠቅ ሲል ገበሬው መብቱን የሚያስከብርበት ጠመንጃ ማለቱ ነበር። ጠመንጃውን የሚያድለው ግን ደርግ ነበር፤ ወዴት እንደሚተኮስም የሚወስነው እሱ ነው። መኢሶን በነሐሴ 1969 ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ገባ፤ ኃይሌም ተይዞ በ1971 ያለ ፍርድ ተገደለ። ምሁሩን እዚህ ላይ ለመዝለፍ አይደለም፤ ከእኛ ማንኛችንም ያን ጊዜ ብንሆን ከዚያ የተሻለ ማየታችንን እጠራጠራለሁ።

ጓደኛዬ ያን ሌሊት ያነሣው ጠንካራ ክርክር ይኸ ነበር፤ «ወራሪ ሲመጣስ? የፈለገ ብቻ ይዝመት ትላለህ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ሶማሊያ በሐምሌ 1969 በኦጋዴን ስትገባ፣ ታጠቅ የሠለጠነው ሚሊሺያ ባይኖር ነገሩ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ያስፈራል። ከዚያ ሚሊሺያ ውስጥ ወዶ የሄደም ተገዶ የሄደም አለ፤ ሁለቱም ሞተዋል። ይኸን እቀበላለሁ። ግን የ1975ቱ አዋጅ የወጣው ለካራማራ አይደለም። ካራማራ የተያዘው በየካቲት 1970 ነው፤ አዋጁ የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ወንድም ከወንድሙ ለሚዋጋበት የሰሜን ጦርነት ነው። ወራሪን ለመመከት የምንሰጠው መልስ ለሌላ ጦርነት ሲያገለግል አይተናል።

ስለ ወራሪ ካነሣን ደግሞ ወለጋ የራሱ ምስክር አለው። በሰኔ 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጥተው፣ መንግሥት የሚባል ነገር ፈርሶ ሳለ፣ የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባሎች፣ በውስጣቸውም ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የመጡ ወጣቶች፣ ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮንና አብረውት ከመጡት አብዛኛዎቹን ገደሉ። ማንም በኮታ አላመጣቸውም፤ ማምጣት የሚችል መንግሥትም አልነበረም። አንድ ቦናያ ሁሉን ያረጋግጣል አልልም፤ ጥቂት ሰው አገር አያድንም የሚል ቢኖር ትክክል ነው። ግን ወጣት ካልተገደደ አይዘምትም የሚለውን ነገር ቦናያ አያምንም።

ጎረቤታችንንም እንይ። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ሕግ የብሔራዊ አገልግሎት ጊዜ 18 ወር ነው። ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ ግን ማብቂያው ጠፋ፤ ለብዙዎች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስንቱም ወጣት ለዚሁ ሲል አገሩን ጥሎ ወጥቷል። የሚገርመው ሕጉን ያወጡት፣ ያን ታፍሶ የመጣ ሠራዊት ፊት ለፊት ያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው። አሜሪካም በቬትናም ጊዜ ኮሌጅ ለገባው ልጅ ምልመላውን ታዘገይለት ነበር፤ የደሃው ልጅ ሄደ። በኋላ ዕጣ ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ግዴታውን ጭራሽ ተወችው።

ኮሌጅ ስል ብላቴ ትዝ አለኝ። በ1983 መንግሥቱ ሊወድቅ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ብላቴ ማሠልጠኛ ገባ። ግንቦት 13 ቀን ሊቀመንበር መንግሥቱ አገር ጥለው ሲወጡ ተማሪው ካምፕ ውስጥ ነበር፤ ብዙው በእግሩ ወደ ኬንያ ተሰደደ። ዝርዝሩ ከአርጆ ተነሥቶ የእኛ በር እስኪደርስ ሰባት ዓመት ገደማ ፈጀበት። በእነዚያ ዓመታት ከግቢው ስንት ሰው ስለ አርጆው ልጅ ጠየቀ?

ዛሬ የግዴታ ውትድርና ሕግ የለንም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በሩን አልዘጋውም፤ አንቀጽ 18 የግዴታ ሥራን ሲከለክል፣ ኅሊናው ውትድርናን ለማይፈቅድለት ሰው በምትኩ የሚሰጠውን አገልግሎት ከክልከላው ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ ክርክሩ የሞተ ክርክር አይደለም። የእኔ አቋም ይኸ ነው። በሰላም ጊዜ፣ አገር ያውቃሉ ሥርዓት ይማራሉ ተብሎ ሰውን ማስገደድ አይዋጥልኝም፤ አገር ለማወቅ አውቶቡስ ይበቃል። ወራሪ ሲመጣ ግዴታ ቢኖር ግን ስሙ በአደባባይ በዕጣ ይውጣ፤ የሚኒስትሩም የእረኛውም ልጅ በአንድ ከረጢት ይግባ፤ መመለሻውን ቀን ሕግ ይጻፈው፣ ቀኑ ሲደርስም «ልቀቁኝ» ብሎ የሚከስበት ፍርድ ቤት ይኑር። ይኸ በሌለበት ጓደኛዬ ሲያጨበጭቡለት ያመሸው እኩልነት አርጆ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አሳይቻለሁ።

ያን ሌሊት ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። በመጋቢት 1983 ነቀምት በኢሕአዴግ እጅ ስትገባ፣ የተበተነው ወታደር በአርጆ አድርጎ ወደ በደሌ ይወርድ ነበር። ብዙው ጫማ የለውም። አኮ ሁለት ቀን ሙሉ በእንስራ ውኃ ይዛ መንገድ ዳር ቆመች። ለእያንዳንዱ በቅል ትቀዳለታለች፤ ሲጠጣ ቀና ብላ ፊቱን ታየዋለች፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ትቀዳለች።