ትንሹ ቃል ሲከብድ

ከእኛ መካከል በእንግሊዝኛ ያልተንገላታ የለም። «ሃይፖተሲስ» የሚለውን ቃል ሳይደናቀፍ የሚጽፍ ተማሪ፣ ወጥ የሚወጣበትን ጭልፋ በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል ቢባል ጣራ ጣራውን ያያል። ያው ቋንቋውን ያገኘነው ከመጽሐፍ እንጂ ከማድቤት አይደለምና! በእስፓኝኛ ተናጋሪውም ላይ ይኸው ይደርስበታል፤ የሱ ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ሥሩም ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን ያዘ። ከዚያ ወዲያ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክህነቱና የሊቃውንቱ ላቲን ሆነ። ገበሬው በሬውን የሚጠራው ግን በአባቶቹ ቋንቋ ነበር። ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሰማ በሕግ የታዘዘው በ1362 ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ቋንቋዎች ሲደባለቁ ኖረው የጌታና የገባር ልዩነት በቃላቱ ላይ ታትሞ ቀረ። በሬው መስክ ላይ ሳለ «ኦክስ» ነው፤ ታርዶ ጌታው ገበታ ላይ ሲቀርብ «ቢፍ» ይሆናል።

እስፓኝኛ የላቲን ልጅ ነው። ስለዚህ ተናጋሪው እንግሊዝኛ ሲያነብ የጌታው ቃላት ዘመዶቹ ሆነው ያገኛቸዋል። «ሊበርቲ» የሱ «ሊበርታድ»፣ «ኔሰሰሪ» የሱ «ኔሴሳሪዮ»፣ «ኢንዲፔንደንስ» የሱ «ኢንዴፔንዴንሲያ» ነው። መዝገበ ቃላት አያሻውም። (ለእኛማ ትልቁም ትንሹም ባዳ ነው!) «ብሬድ» ሲሉት ግን ግራ ይገባዋል፤ በሱ ቤት ዳቦ «ፓን» ነው። «ሹ» ቢሉትም ያው ነው፤ ጫማን የሚያውቀው «ሳፓቶ» ብሎ ነው። የባሰው የሚመጣው ጥቃቅኖቹ ቃላት ሲገጣጠሙ ነው። «ፑት» ማስቀመጥ ነው ብሎ አጥንቶ ሲያበቃ «ፑት አፕ ዊዝ» መታገሥ፣ «ፑት ኦፍ» ደግሞ ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ይሆኑበታል። ምን ይዋጠው! «ቶለሬት»፣ «ፖስትፖን» ብሎ ይገላገላል፤ ሰሚው ግን ገበያ ወርዶ በግዕዝ ዋጋ የሚከራከር ሰው ያየ ይመስለዋል። ዘመድ መስለው የሚያታልሉም አሉ። «ኢምባራስድ» አፈረች ማለት ሲሆን ጀማሪው እስፓኝኛ ተናጋሪ አረገዘች ብሎ ይረዳዋል።

ይህ ሁሉ ለጎልማሳ ተማሪ የሚያስቅ ነገር ነው። በፑዌርቶ ሪኮ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

አሜሪካ ከእስፓኝ ጋር ተዋግታ ደሴቲቱን በ1898 ወሰደች። አብዛኛው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ አፉን የፈታው በእስፓኝኛ ነው። የትምህርቱን ኮሚሽነር የሚሾመው ግን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር። ከ1905 ገደማ ጀምሮ ማስተማሪያው ከታች ክፍል አንሥቶ እንግሊዝኛ ይሁን ተባለ። ኧረ የአገሩ ስም እንኳ አልተረፈም፤ በአሜሪካ ሕግ እስከ 1932 ድረስ «ፖርቶ ሪኮ» እየተባለ ይጻፍ ነበር።

እንግዲህ የላቲን ስጦታ ለማን እንደሚደርስ እዚህ ላይ እንይ። በምክር ቤት የተቀመጠው የሕግ ሰው የአሜሪካንን ሕግ ገልጦ «ኮንስቲትዩሽን»፣ «ጁሪስዲክሽን» ሲል ሳይማረው ያውቀዋል። የሰባት ዓመቱ ልጅ የሚገልጠው የመጀመሪያ መጽሐፍ ግን «ዶግ»፣ «ረን»፣ «ሃውስ» ነው የሚለው፤ ሁሉም የዚያ የእንግሊዝ ገበሬ ቃላት ናቸው፤ አንዱም አይዛመደውም። «ጁሪስዲክሽን»ንማ ቢያገኘውም በገዛ ቋንቋውም ገና አልሰማውም። ቀላል ተብለው የተመረጡት ቃላት ለቦስተን ልጅ እንጂ ለሱ ቀላል አልነበሩም። ፊደል መለየትና ባዕድ ቃል መሸምደድ ባንድ ቀን ተጫኑበት።

በ1915 ገጣሚውና የሕግ ሰው ሆሴ ዴ ዲየጎ፣ ያኔ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ማስተማሪያው እስፓኝኛ እንዲሆን ረቂቅ አቀረበ። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለረቂቁ ፊርማ ሲያሰባስብ ተገኝቶ ከትምህርት ቤት ተባረረ። ጓደኞቹም አድማ መቱ። እኔን የሚገርመኝ፣ እነዚህ ልጆች እንግሊዝኛውን ተወጥተውት ሁለተኛ ደረጃ የደረሱ መሆናቸው ነው። ችግሩ ከነሱ አልፏል፤ የቀረው ከታች ላሉት ነበር። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ።

ከዚያ በኋላ ፖሊሲው እንደ ኮሚሽነሩ ይለዋወጥ ጀመር። ከ1916 ወዲህ እስከ አራተኛ ክፍል እስፓኝኛ፣ አምስተኛ ላይ ድብልቅ፣ ከዚያ በላይ እንግሊዝኛ ሆነ። በ1934 እስፓኝኛው በአንደኛ ደረጃ ሁሉ ተዘረጋ። በ1937 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አዲስ ኮሚሽነር ሲሾም እንግሊዝኛ እንዲጠብቅ በደብዳቤ አሳሰበ። በ1948 ሕዝቡ አገረ ገዢውን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ መረጠ፤ በ1949 ኮሚሽነሩ ማሪያኖ ቪያሮንጋ ማስተማሪያው በየደረጃው እስፓኝኛ እንዲሆን አዘዘ። እንግሊዝኛ ግዴታ ሆኖ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ቀረ። የአንደኛ ክፍሉም ልጅ ዳቦን «ፓን» ብሎ ማንበብ ቻለ።