ከኋላዬ የሚቆመው አባ ኮዳ

ልጅነቴን ያሳለፍኩት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ስገፍፍ ነው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በቢላ ጫፍ እንጀምርና ቆዳውን በጥርሳችን ነክሰን እንገፍፈዋለን። ፊሌቶው ለሆቴል ይሄዳል፤ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ወደ ኋላ እንወረውራለን። ማን እንደሚቀልበው ዞሮ ማየት አያስፈልግም፤ የመንቁሩ ቀጭታ ይናገራል።

አባ ኮዳ ነው። ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ እኔ ያኔ ከሱ አልበልጥም ነበር። ራሱ መላጣ፣ ጀርባው ጥቁር ካባ የደረበ፣ ደረቱ ላይ ሮዝ ከረጢት የተንጠለጠለበት። ዓሣ የሚያጠራቅምበት ይመስለን ነበር፤ ለካስ ውስጡ አየር ብቻ ነው። እግሩም ነጭ ይመስላል እንጂ ጥቁር ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት በገዛ ኩሱ ስለሚያቀዘቅዘው ኖራ የተቀባ ይመስላል።

የእኛ ሰው ከረጢቱን አይቶ ኮዳ አለው። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሌሶንም በ1831 እ.ኤ.አ. በላቲን ሲሰይመው "ከረጢት ተሸካሚ" ነው ያለው። ማራቡ የሚለው የፈረንጅ ስሙ ግን መነሻው ዓረብኛ ነው፤ መናኝ እንደማለት። በዚህኛው አልስማማም። በሁዳዴ የዓሣ ገበያው ሲደራ ለእሱ ፋሲካ ነው!

አጎቴ የድሮውን ሲያወራ ዓሣ ከነጭንቅላቱ ይሸጥ ነበር ይላል። ያኔ አባ ኮዳ የሚውለው ረግረጉ ውስጥ ነው፤ እንቁራሪት ሲለቅም፣ አንበጣ ሲያሳድድ፣ የሞተ ከብት ላይ ከጥንብ አንሳ ጋር ሲሻማ። ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ሆቴሉ በዛ፣ ፊሌቶ የሚያዝ ሰው መጣ። በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል የሐዋሳን ሐይቅ የሚመግበው ጨለለቃም ዱሮ ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። በእኔ ግምት ወፉን ከረግረጉ አውጥቶ ቢላችን ሥር ያቆመው ይህ ሁሉ ለውጥ ነው። ለማዳ ሆነ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ወረፋ ጠባቂ አደረግነው ባይ ነኝ።

ባለፈው ስሄድ አንዱ የዓሣ አንጀት የታሰረበትን ጥቁር ፌስታል ከነቋጠሮው ሲውጥ አየሁ። ጮህኩ፤ ቁብም አልሰጠኝ። እባካችሁ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ልትበሉ ስትመጡ ትራፊውን ከፌስታሉ አውጥታችሁ ወርውሩለት።