ቁጠባና ቅነሳ

ቁጠባ መልካም ጠባይ ነው። ገቢና ወጪውን የማያመዛዝን አባወራ ልጆቹን እንደሚያስርብ፣ የግምጃ ቤቱን ልክ የማያውቅ መንግሥትም ሕዝቡን ያስጨንቃል። ነገር ግን ወጪ የቀነሰ ሁሉ ቆጠበ አይባልም። አባቶቻችን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብለው የተረቱት በከንቱ አይደለም። ይህንኑ ለማስረዳት በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ግዛት የሆነውን ልንገራችሁ። ዘመኑን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኤድ ሮበርትስ የሚባል ልጅ በ1953 ዓ.ም. በ14 ዓመቱ የልጅነት ልምሻ ያዘው። ከሞት ቢተርፍም ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ፤ ሌሊት የሚተኛውም በሚያስተነፍሰው ትልቅ የብረት መሣሪያ ውስጥ ነበረ። እንዲህም ሆኖ ትምህርቱን ገፍቶ በ1962 ዓ.ም. በበርክሌይ ከተማ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ለትምህርቱ ርዳታ በጠየቀ ጊዜ ግን የግዛቱ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት፣ ይህ ሰው ከቶ ሥራ ሊሠራ አይችልም ሲል ከለከለው። የፈቀደለት ነገሩ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው።

ቀጥሎም እርሱን የመሰሉ ሌሎች ተማሪዎች መጡ። የሚያለብሷቸውን፣ የሚያጎርሷቸውንና ከአልጋ የሚያነሷቸውን ረዳቶች ራሳቸው እየመረጡ መቅጠርን ለመዱ። ከዚህም ልምድ የተነሣ በ1972 ዓ.ም. በበርክሌይ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩት፣ ራስን ችሎ ለመኖር የሚረዳ ማእከል ተቋቋመ። በ1975 ዓ.ም. አገረ ገዥው ጄሪ ብራውን ኤድ ሮበርትስን የተሐድሶው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ሥራ አይችልም ብሎ የከለከለውን መሥሪያ ቤት እርሱ ራሱ አስተዳደረው!

እንግዲህ አስተውሉ። የፊተኞቹ ሹሞች የሚወጣውን ገንዘብ ቆጥረዋል፤ የሚገኘውን ሰው ግን ሳይቆጥሩ ቀርተዋል።

በዚያው በ1970ዎቹ ዓመታት ካሊፎርኒያ አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን በየቤታቸው የሚረዳ ሥርዐት አቆመች። ወጪውን የፌዴራሉ መንግሥት፣ ግዛቱና አውራጃው ይካፈሉታል። መርማሪ ወደ ተረጂው ቤት ሄዶ ለመታጠቡ፣ ለመልበሱ፣ ለምግቡ፣ ለእያንዳንዱ ተግባር ነጥብ ይሰጥና የርዳታውን ሰዓት ይወስናል፤ ሰዓቱም በወር ከ283 አይበልጥም። ረዳቱን የሚቀጥረውና የሚያሰናብተው ተረጂው ራሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ረዳቱ የገዛ ዘመዱ ይሆናል።

በ2008 ዓ.ም. ከደረሰው የገንዘብ ቀውስ በኋላ የግዛቱ ገቢ ስለ ወደቀ፣ በ2009 ዓ.ም. ነጥባቸው ከተወሰነው ልክ በታች የሆነ ተረጂዎች ርዳታቸው በሙሉ ወይም በከፊል እንዲቀር ሕግ ወጣ። ነገር ግን ያ ነጥብ የብዙ ተግባር አማካይ ነበረ። እጁ ደኅና ሆኖ ምግቡን ራሱ የሚበላ፣ ያለ ደጋፊ ግን ገላውን ሊታጠብ የማይችል ሰው በአማካዩ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ተረጂዎቹ ከሰሱ፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የፌዴራል ዳኛዋ ክላውዲያ ዊልከን ቅነሳው እንዳይፈጸም አገዱ። ክርክሩ በ2013 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ፤ ከሰዓቱ ላይ በመጀመሪያው ዓመት 8 ከመቶ፣ በሁለተኛው 7 ከመቶ ተቀነሰ፤ በ2015 ዓ.ም. የተቀነሰው ተመለሰ።

እኔ የበጀት ሹሞቹን ጨካኞች ነበሩ አልልም። ካዝናው በእውነት ጎድሎ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም ከዚያው ካዝና ይጠብቅ ነበር። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ከመዝገብ የተሰረዘው ሰዓት ወዴት ይሄዳል? ወይ እኅቲቱ ሥራዋን ትታ ወንድሟን ታነሣለች፤ ወይ ሰውየው ከቤቱ ወጥቶ ወደ መጦሪያ ተቋም ይገባል፤ የዚያም ወጪ ዞሮ ዞሮ በሕዝብ ገንዘብ ላይ ይወድቃል፤ አለዚያም ሳይታጠብ በአልጋው ላይ ይውላል። ሸክሙ ከመዝገብ ወጣ እንጂ ከሰው ትከሻ አልወረደም። ኤድ ሮበርትስንም ማለዳ ከብረቱ መሣሪያ የሚያወጣው ረዳት ባይኖር ኖሮ፣ ዕውቀቱና ብልኀቱ ሁሉ እዚያው ተኝቶ በቀረ ነበር።

ወጣቶች ሆይ! ከእናንተ መካከል ነገ በጀት የሚያዘጋጅ፣ ቁጥር የሚጽፍና የሚሰርዝ አይጠፋም። መቀነስ ግድ የሚሆንበት ቀንም ይመጣል። ያን ጊዜ ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ያ ሰዓት ለማን ምን እንደሚሠራ ጠይቁ፤ ሲቻላችሁም ወደ ሰውየው ቤት ሄዳችሁ፣ ጧት ከአልጋው ሲነሣ ቆማችሁ ተመልከቱ። ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ቁጥር፣ ቢያንስም እንኳ፣ ሰውን አይቶ የተጻፈ ይሆናል።