ባለቤት ያልተገኘላቸው ሁለት ፈውሶች

የመጀመሪያው ፈውስ የተጀመረው እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ፣ ሮችፎርድ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1956። ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ዋርድ፣ ንጹሕ አየርና ፀሐይ ለጨቅላ ይበጃል ብላ ታምን ነበር። ቀኑ ሞቅ ሲል ሕፃናቱን ወደ ግቢ ታወጣና ሐኪሞቹ ሳይደርሱ ትመልሳቸዋለች።

አንድ ቀን ሐኪሞቹ ሲጎበኙ አንዱን ሕፃን ገልጣ አሳየቻቸው። ገላው ፈዘዝ ብሏል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ባለ ሦስት ማዕዘን ደማቅ ቢጫ አለ። ዋናው ሐኪም አዮዲን ቀብተሽው ነው ወይ ብለው ጠየቋት። እሷ ግን የአንሶላው ጫፍ የሸፈነው ቦታ ብቻ ቢጫ እንደሆነ መቅረቱን፣ ሌላውን ገላ ፀሐይ እንዳነጣው አስረዳች። ሕፃኑ ደኅና ሆኖ ቤቱ ገባ፤ ነገሩም በዚያው ታለፈ።

ብዙም ሳይቆይ የአንድ በጣም ቢጫ የሆነ ሕፃን ደም ሲመረመር በደሙ ያለው ቢጫ ነገር ከተጠበቀው እጅግ አነሰ። ለካ ብልቃጡ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሏል! የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ክሬመርና ባልደረቦቹ ይህን ይዘው የመብራት አልጋ ሠሩ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1958 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ቢጫው ነገር ቢሊሩቢን ነው፤ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ ይወጣል። የጨቅላው ጉበት ካላስወገደው አንጎል ይጎዳል፣ ጆሮ ያደነቁራል። ብርሃን ቅርጹን ይለውጠውና በሐሞትና በሽንት ይወጣል። ብርሃንን ማንም የግሉ አያደርገውም፤ ለዚሁ ሕመም የታሰበውና ፓተንት፣ ማለትም የባለቤትነት ወረቀት፣ የነበረው ስታንሶፖርፊን የተባለ መድኃኒት ግን ለዓመታት ተሞክሮ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይፈቅደው ቀረ።

ሁለተኛው ፈውስ የአውስትራሊያው ሐኪም የጆን ኬድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ ሲንጋፖር፣ ቻንጊ ከሦስት ዓመት በላይ ታስሯል። አገሩ ሲገባ ሊቲየም የተባለውን ጨው በእንስሳት ላይ ሞከረ፣ ራሱም ቀመሰው፣ ከዚያም ስሜታቸው ከልክ በላይ ለሚግል ሕሙማን ሰጠ። የተረጋጉትን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1949 ጻፈ። ጨውን ማን በፓተንት ይይዘዋል? ትርፍ የሚፈልግ ኩባንያ አልሮጠለትም። መጠኑ ካለፈም መርዝ ስለሆነ ብዙዎች ፈሩት። የደም ምርመራ መጠኑን መቆጣጠር ካስቻለ በኋላ አሜሪካ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ዛሬም ባይፖላር ለተባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው።

እኔ የምለው፣ ፈውስን የሚያስከብረው የሚያድነው ሰው እንጂ የባለቤትነት ወረቀት አይደለም። ባለቤት የሌለውን ፈውስ የሚጠብቀው መንግሥትና ሐኪም፣ እኛም ነን።

እናቶች ሆይ፣ ሕፃን ፀሐይ ማሞቅ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን የሆስፒታሉን መብራትና የደም ምርመራ አይተካም። ልጃችሁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ ወይም ጡት አልይዝ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ሊቲየም የምትወስዱም ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቋርጡ፤ የደም ምርመራ ቀጠሯችሁም አይለፋችሁ።