በወረርሽኝ ወቅት ምርምርን ያለ ጉዳት መምራት፦ ከደቡብ ጎንደር የሚቀሰም ትምህርት

ወረርሽኝ ሲከሰት ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ጉዞም ይገታል። የዩኒቨርሲቲ ምርምርን ግን ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች ይገጥሙታል። ስለ በሽታው የሚታወቀው ነገር ጥቂት በመሆኑ ጥናት ከመቼውም ጊዜ በላይ ያስፈልጋል፤ በሌላ በኩል ከቀበሌ ቀበሌ እየተዘዋወረ መረጃ የሚሰበስበው ባለሙያ ራሱ በሽታውን ወደ ጤነኛ ቤት ሊያስገባ ይችላል።

በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት በደቡብ ጎንደር ይህ የምሁራን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለመጠይቅ መልስ የሚሰጠው አርሶ አደሩ ነው፤ የደም ናሙና የሚወሰደው ከታካሚው ነው፤ አዲስ ዘር የሚሞከረውም ብዙ ጊዜ በገበሬው ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ ምርምር በወረርሽኝ ጊዜ እንዴት ሊመራ እንደሚገባ ማወቅ ለነዋሪውም ይጠቅማል።

ጥናት ሕይወት ያድናል

የምርምርን ዋጋ ለመረዳት ከኮሮና ቀደም ብሎ በሊቦ ከምከም የደረሰውን ወረርሽኝ ማስታወስ ይበቃል። በወረዳው ብዙ ሰዎች ለረጅም ጊዜ በማይለቅ ትኩሳት ሲሠቃዩ፣ ሕመሙ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ተወስዶ ነበር። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ግን ካላ አዛር መሆኑ ተረጋገጠ። ካላ አዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ሰውነትን የሚያመነምንና ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። በዚህ ደጋማ አካባቢ ከዚያ በፊት እምብዛም አይታወቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ እስከ 2000 ዓ.ም. የታከሙ ሰዎች መዝገብ ሲመረመር፣ ዕድሜያቸው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ታካሚዎች የመሞት ዕድላቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ካሉት አምስት እጥፍ እንደነበረ ታይቷል። ይህ ዕውቀት የተገኘው ከሕክምና መዝገብ ነው፤ ለእርሱ ሲባል የማንም ቤት አልተንኳኳም። በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ በወረርሽኝ ጊዜ ከሁሉ የቀለለና አደጋ የሌለበት የምርምር ምንጭ ነው።

የ2012 ዓ.ም. ፈተና

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተመዘገበው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በቀናት ውስጥ ትምህርት ተቋረጠ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎችም ግቢያቸውን ለለይቶ ማቆያ አዘጋጁ።

በዚያው ወቅት በአዲስ ዘመን ሆስፒታል ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው 404 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተካሂዷል። ጥናቱ ሲጀመር፣ የካቲት 23 ቀን፣ በሀገሪቱ አንድም ታማሚ አልተመዘገበም ነበር፤ ሚያዝያ 2 ቀን ሲጠናቀቅ ግን አዋጁ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ከተሳታፊዎቹ 33.9 በመቶ የሚሆኑት ስለ በሽታው ያላቸው ዕውቀት አነስተኛ፣ የ47.3 በመቶዎቹ የመከላከል ልምድም ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ውጤቱ ለጤና ትምህርት የሚጠቅም ነው። ሆኖም የስኳር፣ የደም ግፊትና የመሰሉት ሕመሞች ያሉባቸው ሰዎች ኮሮና አብዝቶ የሚጎዳቸው ናቸው። ጥናት በጣም የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በጥናቱ ምክንያት ሊጎዱ የሚችሉትም እነርሱ መሆናቸው የጉዳዩን ክብደት ያሳያል።

ሥራን በሦስት መክፈል

የምርምር ኃላፊዎች አስቀድመው ሥራቸውን በሦስት ሊከፍሉ ይገባል።

የመጀመሪያው ሊቋረጥ የማይችለው ነው። መድኃኒት በሙከራ ላይ ያለ ታካሚ ክትትሉ አይቋረጥም፤ የምርምር እንስሳት መኖና ውኃ ይሻሉ፤ በፍሪጅ የተቀመጠ ናሙና መብራት ሲጠፋ የሚደርስለት ሰው ያስፈልገዋል። የሙከራ ማሳም እንዲሁ ነው። የጉና አካባቢ ገብስና ድንች ወይም የፎገራ ሩዝ ወቅቱ ካለፈ የአንድ ዓመት ሥራ ይባክናል። እነዚህ ሥራዎች በጥቂት ሰዎች፣ በፈረቃ ይከናወናሉ።

ሁለተኛው መልኩን ሊለውጥ የሚችለው ነው። የዓለም ባንክ ከሚያዝያ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ 3 ሺህ 249 ቤተሰቦችን በስልክ ማነጋገሩ ለዚህ ምሳሌ ነው። ነገር ግን ስልክ የሌለው ቤተሰብ በእንዲህ ያለ ጥናት ድምፁ አይሰማም። ተመራማሪው ይህን ጉድለት በውጤቱ ላይ በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል።

ሦስተኛው ሊቆይ የሚችለው ነው። ለመመረቂያ ብቻ ሲባል ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጥ መጠይቅ ጊዜውን ሊጠብቅ ይገባዋል።

በመስክና በቤተ ሙከራ

ወደ ገጠር መውጣት ግድ ሲሆን ቡድኑ ትንሽ ይሁን፤ ከመውጣቱ በፊት የጤናው ሁኔታ ይጣራ። ቃለ መጠይቁ በጠባብ ክፍል ሳይሆን በደጅ፣ በነፋሻ ቦታ፣ ርቀት ተጠብቆ ይካሄድ። መረጃ ሰብሳቢዎችን ከዚያው አካባቢ መምረጥ ጉዞን ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ጎረቤት የጎረቤቱን የጤና ምስጢር እንዳያውቅ ጥንቃቄ ያሻል። ለስምምነት ፊርማ አንድ እስክሪብቶ ወይም አንድ የአሻራ ቀለም ከእጅ ወደ እጅ እንዳይዞር፣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲፈቅድ፣ በምስክር ፊት በቃል የሚሰጥ ስምምነት ሊተካው ይችላል።

በቤተ ሙከራ የጥንቃቄው መጠን በሥራው ዓይነት ይወሰናል። የኮሮና ቫይረስን የመመርመር ሥራ ከአራቱ የደኅንነት ደረጃዎች በሁለተኛው ሲከናወን፣ ቫይረሱን ማራባት ግን ሦስተኛውን ደረጃ ይጠይቃል። የሚፈለገው ደረጃ በሌለበት ሥራውን ደረጃው ላለው ተቋም መተው ተገቢ ነው።

ተሳታፊው ሊያውቃቸው የሚገቡ መብቶች

አጥኚ ወደ ቤቱ የመጣበት ሰው የሚከተሉትን ቢጠይቅ ተገቢ ነው፦

• ከየትኛው ተቋም ነው የመጡት? መታወቂያና የድጋፍ ደብዳቤስ አላቸው?
• ጥናቱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ጸድቋል?
• በስልክ ወይም በሌላ ጊዜ ሊሆን አይችልም?
• ናሙናው ምን ይደረጋል? ስሜስ በምስጢር ይያዛል?
• ውጤቱን በማን በኩል እሰማለሁ?

ቡድኑን መርቶ ያመጣው የቀበሌ ሊቀ መንበር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቢሆንም፣ ተሳታፊው እንቢ የማለትም ከጀመረ በኋላ የማቋረጥም መብት አለው። እንቢ በማለቱ ሕክምናም ሆነ ሌላ አገልግሎት ሊቀርበት አይገባም።

ጥናቱ ሲያበቃ ውጤቱ በመጽሔት ታትሞ ብቻ መቅረት የለበትም። በጤና ጣቢያው፣ በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከሉና በዕድሩ በኩል በአማርኛ ወደ ነዋሪው ሊመለስ ይገባል። በአስቸጋሪ ጊዜ በሩን ከፍቶ መረጃ የሰጠ ሰው የሰጠው መረጃ ምን እንዳስገኘ የመስማት መብት አለው፤ በሌላ ወረርሽኝ ጊዜ ለተመራማሪ በሩን የሚከፍተውም ይህ ሲከበርለት ነው።