ማለዘብ

«ማለዘብ» ሲባል ቁጣን ማብረድ ወይም ንግግርን ማለስለስ ይታሰበናል። ለብረታ ብረት ባለሙያ ግን ሲቀጠቀጥና ሲሳብ የደረቀን ማዕድን በልኩ አሙቆ ልስላሴውን መመለስ ነው። በወታደራዊ ጥይት ቀለህ አንገት ላይ የሚታየው ሰማያዊና ቡናማ ጥላ ቆሻሻ ሳይሆን የዚሁ እሳት አሻራ ነው። ቀለሁ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ የሆነ ናስ ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ሕንድ ውስጥ፣ በዝናብ ወራት ፈረስ ጋጣ የተከማቹ ጥይቶች ቀለሃቸው ሳይተኮሱ ይሰነጠቅ ነበር፤ ጥፋተኛው ከፈረስ ሽንት የሚነሳው አሞኒያና ናሱ ውስጥ የቀረው ውጥረት ሆኖ ተገኘ፤ ውጥረቱን የሚያስወግደውም ማለዘብ ነው። ተተኩሶ ዳግም የሚሞላ ቀለህም ይለዝባል፤ አንገቱ ብቻ ነው ታዲያ! መቀመጫው ከለዘበ የባሩዱን ግፊት አይችልም፤ ተኳሹን ይጎዳል።